መቀሱ ከእኔ ጋር ነው

ኔያፉ፣ የካቲት 25

ውድ ፉሲ፣

ጫማው ደረሰ። ሐሙስ መርከቧ ስትገባ ወደቡ ላይ እኔው ራሴ ቆሜ ካርቶኑን ተቀበልኩ፤ እዚያው ከፍቼም አሸተትኩት። የኦክላንድ ሱቅ ይሸታል። ነጭ፣ ማሰሪያ የሌለው፣ ሶሉ እንደ ትኩስ ዳቦ የሚለሰልስ። ይህን ያህል ዘመን ተለያይተን የእግሬን ልክ አለመርሳትሽ እንዴት እንዳስደሰተኝ አልነግርሽም፤ ወደቡ ላይ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ግን ነግሬያለሁ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስቆም እግሬን እንዳያመኝ አስበሽ የገዛሽው ነው፤ ገብቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሥራው ግን የለም። ለቅቄያለሁ።

ያንን ቅንድብሽን አውርጂ። ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አዎ፣ ዩኒፎርሙ ሰማያዊ ነበር፤ ወገቡ ላይ ትንሽ ቢይዘኝም ያምርብኝ ነበር። አዎ፣ ደረቴ ላይ ስም የተጻፈበት ባጅ ነበረኝ። ስሙ ግን «ካሮል» ነው የሚለው። ካሎላይኔ ለፈረንጅ ምላስ ይከብዳል አለችኝ አሠሪዬ። እኔም ምን ቸገረኝ፣ ካሮል ልሁን ብዬ የመጀመሪያውን ቀን ምንም የምገዛው ሳይኖረኝ በገበያው መሐል ሁለቴ ተመላለስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ለጨርቅ የሚሆን የዛፍ ልጥ ስቀጠቅጥ፣ ሰሌን ስሠራ፣ ለመዘምራኑ ቦምቦሊኖ ስጠብስ ኖሬ በስተርጅና ባጅ ደረቴ ላይ ሲሰካ አስቢው እስቲ።

እንዴት ገባሽበት ላልሽው፣ በሴሚሲ ምክንያት ነው። ወንድሜ ከባዕድ አገር ሲመለስ ታሞ እንደመጣ ጽፌልሽ ነበር። ልጁ ሉፔ እዚያው እናንተ ዘንድ ተወልዳ፣ የሆቴል ትምህርት ተምራ፣ እናቷ ስትሞት አባቷን ይዛ መጣችና ወደቡን ቁልቁል የሚያይ የእንግዳ ማረፊያ ከፈተች። እሱ ከማረፊያው ጀርባ ባለው ክፍል ተኝቷል። በወጋችን ያደጉ ወንድምና እህት ፊት ለፊት አይገናኙ፣ ወንድም ለእህቱ በቀጥታ እንዲህ አድርጊልኝ አይልም መቼም፤ በመጋቢው ሚስት በላቪኒያ በኩል «ሉፔ ብቻዋን ናት፤ ከጎኗ ሁኚልኝ» ብሎ ላከብኝ። ታናሽ ወንድም በሰው በኩል እንዲህ ሲል እምቢ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ገባሁ። ሳምንት ሳይሞላኝ ወጣሁ።

ለምን እንዳትዪኝ። ይህን ብቻ ልንገርሽ፤ ዩኒፎርሙን አውልቄ ግቢዋ ውስጥ ካለው የልብስ ገመድ ላይ በሁለት መቆንጠጫ ሰቀልኩት፤ የራሴን ቀሚስ ለበስኩና በጓሮ በር ወጣሁ። ሠራተኛ በፊት ለፊት በር አይገባም አይወጣም የሚል ሕግ አላት። ሕጓን አክብሬ ነው የለቀቅኩት።

ጫማውን አልመልስልሽም። ከነካርቶኑ አልጋዬ ሥር ነው። የሚደረግበት ቀን አይጠፋም።

የአንቺው ካሎላይኔ

*

ኦክላንድ፣ መጋቢት 9

ካሎላይኔ፣

ሰላምታው ይቆየን፤ ተናድጃለሁ።

ቅዳሜ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽያጭ ኬክ ለመጋገር ሴቶቹ ተሰብስበን ነበር። ያቺ አፏ የማይከደነው የፋይፔሊ ምራት፣ ዱቄት እየነፋች፣ እኔን ሳታይ፣ «ጓደኛሽን ከማረፊያው አባረሯት አሉ፤ ለእንግዳ ባቀረበችው የዓሣ ሾርባ ውስጥ ፀጉሯ ተገኝቶ» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት። አንዷማ «ውይ፣ የእሷን ቦምቦሊኖ እኮ ባለፈው ገና በልቼ ነበር» ብላ አፏን ጠረገች።

እኔ ምን ልበል? የያዝኩት መልስ ያንቺ «ለምን እንዳትዪኝ» ነው። በ«ለምን እንዳትዪኝ» ተይዞ ሙግት ይገባል? እንቁላሉን መምታት ቀጠልኩ። እንዲያ የተመታ እንቁላል ዐይተሽ አታውቂም።

አንቺ ለቀቅኩ ትያለሽ፤ እነሱ ተባረረች ይላሉ። መቼም ውሸት አትጽፊልኝም፤ መደበቅ ግን ትችያለሽ፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቅሻለሁ። ስልክ ደውዪ ብዬሽ ፖስታ ቤቱ ውስጥ ከኋላዬ የሚሰለፈው ሰው ሁሉ ይሰማል፣ ግማሹም ያርመኛል ብለሽኛል። ጥሩ። ወረቀት ከኋላው ሰልፍ የለበትም።

እዚህ ከጧት እስከ ማታ የሆስፒታል አንሶላ አጥባለሁ። እድፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የታጠበና ያልታጠበውንም አውቃለሁ። እውነቱን ጻፊልኝ። ካልጻፍሽ ጫማውን መልሺ።

ፉሲ

ሴሚሲስ እንዴት ነው? ይኸን ያህል ጽፈሽ ስለ እሱ ጤና አንድ መስመር አለመጨመርሽ ደስ አላለኝም።

*

ኔያፉ፣ መጋቢት 24

ውድ ፉሲ፣

ጫማውን አልመልስም፤ ስለዚህ እውነቱን እጽፋለሁ።

ምሳ ሰዓት ነበር። ባልና ሚስት ፈረንጆች ከጀልባቸው ወርደው፣ ሌሎችም ሁለት ሦስት እንግዶች ነበሩ። ሾርባውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ያቀረበችው ሉፔ ናት፤ እንግዳ ፊት መቅረብ የእሷ ነው። ፈረንጇ ከሳህኗ ፀጉር መዘዘች። አልጮኸችም፣ ምስኪን፤ ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ሉፔ ግን ከማድ ቤት ጠራችኝ። መጣሁ። ገላ ሲታጠቡ ራስ ላይ የሚደረገውን የላስቲክ ቆብ ታውቂው የለ? ከመሳቢያ አወጣችና በእንግዶቹ ሁሉ ፊት፣ በሁለት እጇ፣ ራሴ ላይ አጠለቀችልኝ። ከጆሮዬ ኋላም አስተካከለችው። እንደ ሕፃን።

የወንድሜ ልጅ። ራሴን። በእጇ።

እዚያ ብዙ ስለቆየሽ ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ፤ የወንድም ልጅ እንኳን የአባቷን እህት ራስ ልትነካ፣ የተኛችበት ሰሌን ላይ አትቀመጥም፣ ያስተረፈችውን አትበላም። እናቴ በእነዚህ ነገሮች ስትቆጣ ትዝ ይልሻል? እኔ ግን አልተቆጣሁም። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሉፔ፣ አክስትሽ እኮ ነኝ» አልኳት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ፈገግ ብላ፣ «ቤት ውስጥ አክስቴ ነሽ፤ እዚህ አክስት የለም። እዚህ ሠራተኛ ነሽ» አለችኝ። ቀጥላም ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ፣ አዲስ ሠራተኛ ናት፣ ፀጉሯ ነው፣ ይቅርታ አለቻቸው። ያን ያህል እንግሊዝኛ እኔም አላጣም።

አሁን ስለ ፀጉሩ። ያንቺው ካሎላይኔ ፀጉሯን በባሏ ቀብር ጊዜ ከተቆረጠች ወዲህ ከጆሮዋ በታች አሳድጋ አታውቅም፤ ለዚያውም ነጭ ነው። ከሾርባው የወጣው ጥቁር ነው፤ ብትስቢው ብትስቢው አያልቅም። የፈረንጇ ፀጉር ቢጫ ነው። በዚያ ቤት እስከ ወገቧ የሚወርድ ጥቁር ፀጉር ያላት ሴት አንድ ናት፤ እሱንም ሳህን ይዛ ስትጎነበስ ወደ ኋላ አትመልሰውም፣ ታምሪያለሽ ስለሚሏት።

አልተከራከርኩም። ሳህኑን አነሣሁ፣ ማድ ቤት ገባሁ፣ ፀጉሯን በጨርቅ ጠርጌ መዝሙር መጽሐፌ ውስጥ አጋደምኳት። ቆቡንም ኪሴ ከተትኩ። የቀረውን ጽፌልሻለሁ፤ ገመድ፣ መቆንጠጫ፣ የጓሮ በር።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ዝም ባልኩ ነበር። እሷ ግን ሥራ ለምን እንደለቀቅኩ ለጠየቃት ሁሉ «በንጽሕና ጉዳይ አሰናበትኳት» አለች። ለመዘምራኑ ሽያጭ ባለፈው ቅዳሜ ቦምቦሊኖ ጠብሼ ወጣሁ። የጎረቤቴ ተሸጦ አለቀ፤ የእኔ እንደተቆለለ ቀረ። አንዷ ልትገዛ እጇን ዘርግታ ነበር፤ ሌላዋ ክንዷን ነካ አደረገቻት። ተሸክሜው ተመልሼ ለአሳማ ሰጠሁት። ላቪኒያም በፋሲካ ከምግብ አብሳዮቹ እንድትቀሪ ተብሏል፣ ዘንድሮ አበባ ደርድሪ ብላ ዐይኗን ሰብራ ነገረችኝ። አበባ! እኔን! ፉሲ፣ የዚህ አገር ሰው ግማሹ በእጄ በልቶ ነው ያደገው።

እንድትልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ፀጉሩ የእኔ ነው እንድትል። እዚያው በተናገረችበት ክፍል፣ በእነዚያው ወንበሮች መሐል፣ እንግዳ ቁጭ ብሎ እየሰማ። ያንን እስክሰማ ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ማልኩ። እንቅልፉስ ወሰደኝ፤ ታውቂኛለሽ። መሐላው ግን አለ። እንዴት እንደማደርገው ገና አላወቅሁም። ማወቄ ግን አይቀርም።

ሴሚሲ እየከሳ ነው ትላለች ላቪኒያ። የሆነውን አልሰማም፤ እንዳትነግሩት ብያለሁ። በልጁ ላይ ያለኝን ቂም እሱ ይዞት እንዲሄድ አልፈልግም። የእኔ ነው፤ እኔ ጋ ይቆይ።

ካሎላይኔ

*

ሁንጋ፣ ግንቦት 4

ውድ ፉሲ፣

ከየት እንደምጽፍልሽ ስታዪ ግራ ይገባሽ ይሆናል፤ ጽሑፌ የተንጋደደውም ጭኔ ላይ ስለምጽፍ ነው። ሁንጋ ደሴት ነኝ፣ የአጎቴ ልጅ ዘንድ። ጨጓራዬን አሞኝ ነው የመጣሁት። ሕመሙ እንዴት ነው ብለው ለሚጠይቁኝ በቀኝ በኩል ነው እላለሁ፤ በግራ ነው ያልኩበት ቀንም አለ።

ቴሌግራሙ እንደደረሰሽ አውቃለሁ፤ የላክሽው የሐዘን ቃል በቤተ ክርስቲያን ተነቧል። ሴሚሲ አርፏል። ስለ እሱ አሁን አልጽፍልሽም። ስለ ሌላው ሁሉ ግን እጽፋለሁ።

የሟች ታላቅ እህት እኔ ነኝ አይደል? ራስጌው ነው የተነጠፈልኝ፤ ሰሌን በሰሌን ላይ፣ በላዩ ደግሞ የልጥ ጨርቅ፤ ከፍ ማለቴን ከሌላው ሰው አናት አየሁት። ከእኔ በላይ የሚቀመጥ የለም። መጋቢው እንኳ ጎንበስ ብለው ነው ያለፉኝ። ሉፔስ? የሟች ልጅ ከጓሮ ነው ቦታዋ። የተቦጫጨቀ ትልቅ የሐዘን ሰሌን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ ሰሌኑ እስከ ጆሮዋ ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ ፀጉሯን ፈትታ፣ ከጉድጓዱ ምድጃ ዳር ጎደሬ ስትልጥ ዋለች። ነፋሱ ደግሞ እግዜር ይባርከውና ጭሱን ወደ እሷ ነበር የሚያመጣው።

አንድ ጊዜ ውኃ ይዛ በጓሮ በር ብቅ አለች። አዎ፣ በጓሮ በር። ተንበርክካ አስቀምጣልኝ፣ ቀና ሳትል ወደ ኋላ ተመለሰች። ላቪኒያ ጆሮዬ ሥር፣ «እዚህ ሥራ አስኪያጅ የለም መሰለኝ» አለችኝ። ሳቄን በመሐረብ አፈንኩት። ሰው ሁሉ እሪ ያልኩ መስሎት አብሮኝ አለቀሰ።

የመጣው የሐዘን ስጦታ ሁሉ ፊቴ ተቀመጠ፤ ምርጥ ምርጡ ሰሌን፣ የልጥ ጨርቁ ጥቅል በጥቅል፣ ትልቁ አሳማ፣ ባለ ሦስት ደርቡ ኬክ። ማከፋፈሉ የእኔ ነውና አከፋፈልኩ። አሳማውን ለመቃብር ቆፋሪዎቹ፣ ኬኩን ለመዘምራን። ቦምቦሊኖዬን ላልገዙት ሴቶች ደግሞ በስም በስማቸው እየጠራሁ ከሰሌኑ ትልቅ ትልቁን ሰጠሁ። ሲቀበሉኝ ዐይኔን ማየት አቃታቸው። ያቺ የሌላዋን ክንድ የነካችዋ ሴትዮ ደረቅ ሳል ያዛት። ለራሴ አንድ ክር አልወሰድኩም። አንድ ነገር ብቻ ይዤ ተነሣሁ።

ምን እንደሆነ ትገምቻለሽ። በአሥረኛው ቀን የሟች ልጅ ፀጉር ይቆረጣል። የሚቆርጠው የአባት እህት እጅ ነው፤ ሌላ እጅ አይገባበትም። እስኪቆረጥ ድረስ ፀጉሯን አትሰበስብም፣ አታሥርም፣ ምንም ነገር ራሷ ላይ አታደርግም፤ ያንን የተቦጫጨቀ ሰሌንም ከወገቧ አትፈታም። የቀብሩ ምሽት መቀሱን አምጥተው ሰጡኝ። ጥሩ መቀስ ነው፤ አስልቼዋለሁ።

አሥረኛው ቀን ጧት መጋቢው መጡ፣ ምግቡ ወጣ፣ ሉፔም መሐል ቤት ተቀመጠች አሉ። ፀጉሯ ወለሉን ነክቶ። ጠበቁ። ጠበቁ። ምግቡ ቀዘቀዘ። እኔ ለካ ከንጋቱ ጀልባ ጋር ጨጓራዬን ይዤ ሁንጋ ደርሻለሁ።

መቀሱ ከእኔ ጋር ነው።

የፈረንጅ ጀልባዎች የሚመጡበት ወቅት ነውና ማረፊያዋ ሞልቷል ይላሉ። በዚያ ሁሉ እንግዳ መሐል ፀጉሯን እንደ ባሕር አረም ለቃ፣ ያንን ሰሌን እያንቋቋች ቁርስ ታቀርባለች አሉ። አንዱ ፈረንጅ ፎቶ አንሥቷታል። ሾርባ ማቅረብ ትታለች አሉኝ።

እዚህ ዓሣው ጥሩ ነው። አልቸኩልም።

ካሎላይኔ

*

ኦክላንድ፣ ግንቦት 19

ካሎላይኔ የኔ ጉድ፣

ደብዳቤሽን አንሶላ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሣቄን ሰምታ አለቃዬ መጣች። ምን ብዬ ልንገራት? የሞተ ሰው አለብን አልኳት፤ ግራ ገብቷት ሄደች።

ሉፔ ደወለችልኝ። አዎ፣ እዚህ ሥራ ቦታዬ ድረስ። ቁጥሩን ከላቪኒያ ለምና ነው ያገኘችው። «አክስቴ የት እንዳሉ፣ መቼ እንደሚመለሱ ያውቁ ይሆን?» አለችኝ። «አሉ»፣ «ይመለሱ» ስትል ሰማሁ። እዚህ ሳለች ቄሱን እንኳ «አንተ» የምትል ልጅ ነበረች። እኔም ለጸሎት ሄደዋል አልኳት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሷም፣ «ጸሎቱ ረጅም ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ እኔ የሚጸለይ ከሆነ ረጅም ነው ማለቷ መሰለኝ። ሞኝ አይደለችም እኮ ልጅቷ።

የእኔን ወሬ ነገርኩሽ፤ አሁን ጥያቄዬን መልሺልኝ። ለሴሚሲ አልቅሰሻል? በደብዳቤሽ ውስጥ አሳማ አለ፣ ኬክ አለ፣ ጭሱ የነፈሰበት አቅጣጫ ሳይቀር አለ። ወንድምሽ ግን አንዲት መስመር ነው ያለው። ከልጅነታችን ጀምሮ እሱ ቤት ሲገባ አንቺ ስትወጪ፣ አንቺ ስትገቢ እሱ ሲወጣ ነው የማውቃችሁ፤ እንዲያም ሆኖ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያወረደውን የዳቦ ፍሬ ሁልጊዜ ከምታልፊበት መንገድ ዳር ያስቀምጥልሽ ነበር። ይህን የማስታውሰው እኔ ብቻ ነኝ?

ማሪያት አልልሽም። የፋይፔሊን ምራት ፊት በየእሑዱ የማየው እኔ ነኝ፤ እኔም እንድትምሪያት አልፈልግም። ግን ጨጓራ ይድናል፣ ካሎላይኔ። ሰው ደግሞ በቀሉን የሚረሳው ወንበር ላይ ተመቻችቶ ሲቀመጥበት ነው። የማልሽውን አትርሺ። አንቺ የፈለግሽው ፀጉሯን አልነበረም፤ አፏን ነው።

ፉሲ

*

ኔያፉ፣ ሰኔ 8፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ

ውድ ፉሲ፣

መጣች። እኔ አልሄድኩም፤ እሷ መጣች።

ሐሙስ በማለዳ አንድ ዓሣ አጥማጅ ለምና ሁንጋ ወረደች። ባሕሩ ተናውጦ ነበርና ፀጉሯ ጨው ጠጥቶ ገመድ ሆኗል፤ ሰሌኗ ረጥቦ ከብዷል። ከአጎቴ ልጅ ቤት ደጃፍ ላይ፣ በጓሮ በኩል፣ ቁጭ አለች። እኔ የዓሣ ቅርፊት እየፋቅሁ ነበር፤ መፋቄን ቀጠልኩ። ያን ዕለት የዓሣ ሾርባ ነበር የምሠራው፤ ብታምኚም ባታምኚም ሆን ብዬ አልነበረም። በኋላ ግን ሆን ብዬ ሆነ።

ሾርባው ሲደርስ አንድ ሳህን ሞላሁላት። ከዚያ መዝሙር መጽሐፌን ከፈትኩ፤ ያቺን ፀጉር አወጣሁና ሾርባው ላይ ዘረጋኋት። ሳህኑን ፊቷ አኖርኩላት።

ለረጅም ጊዜ ዐየችው። ከዚያ በሁለት ጣቷ አነሣችው፣ ከራሷ ፀጉር ጎን አድርጋ ወደ ታች ለቀቀችው። እኩል ወረደ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም።

«የእኔ ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ፀጉሩ። ያን ጊዜም የእኔ መሆኑን አውቄ ነበር፣ አክስቴ። እንግዶቹ ሲያዩኝ ደነገጥኩ። እርስዎ ደግሞ እዚያው ማድ ቤት ነበሩ።»

ያንን ስሰማ፣ ፉሲ፣ አንድ ነገር ታወቀኝ፤ እስካሁን ሳታውቅ ነው ያደረገችው የሚል ጥርጣሬ ትንሽ ነበረኝ፤ ጠፋ። ልቤ እንደ ድንጋይ ሆነ፤ ጥሩ ነው፣ ድንጋይ ለመቀስ ይበጃል። «ብዪ» አልኳት። በላች። እስከ መጨረሻው ጠብታ።

ከዚያ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙሬ አስቀመጥኳትና መቀሱን አወጣሁ። ከጆሮዋ በላይ ነው የቆረጥኩት፣ እኔ በባሌ ጊዜ እንደተቆረጥኩት። እየቆረጥኩ ማጅራቷ ጋ ስደርስ ፀጉሯ የሚሽከረከርበት ቦታ ታየኝ፤ በግራ በኩል፣ ጥምዝ ያለ። ሴሚሲ ሕፃን ሳለ እናቴ ስታጥበው ያየሁት ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን ራስ ያየሁት ሬሳ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ያኔም ከፊት ነው። ጠይቀሽኝ ነበር። አለቀስኩ። ጮክ ብዬ፣ ንፍጤን እየጠረግሁ። መቀሱን ግን አላቆምኩም። እሷም አለቀሰች፤ ስለ አባቷ ይሁን ስለ ፀጉሯ አልጠየቅኋትም። የዳቦ ፍሬውን አልረሳሁትም፣ አንቺ ክፉ። ማንም እንዳያውቅ ነበር የማነሣው።

ስጨርስ ከኪሴ ያንን የላስቲክ ቆብ አወጣሁ። «ባሕር ላይ ነፋስ እንዳይመታሽ» ብዬ አጠለቅኩላት፤ ከጆሮዋ ኋላም አስተካከልኩላት። የአባት እህት የወንድሟን ልጅ ራስ ብትነካ ማን ምን ይላታል? እንዲያ ሆና ነው በጀልባ የተመለሰችው። ኔያፉ ወደብ የደረሰችው በዚያው ዕለት መርከቧ በምትገባበት ሰዓት ነው፤ አገሩ ሁሉ ዕቃውን ሊቀበል ወጥቶ። ላቪኒያ እንደምትለው ድንች ጆንያ የሚያወርዱት ሰዎች እንኳ ጆንያቸውን አስቀምጠው አይተዋታል። ለአንዷ ብቻ፣ «አክስቴ አድርጊ ብለውኝ ነው» ብላ መለሰች አሉ። አላወለቀችውም። ይህን ስሰማ ትንሽ ወደድኳት፤ ትንሽ ብቻ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እኔ ዓርብ ገባሁ፤ ጨጓራዬ ድኖ። ቅዳሜ ሉፔ ቤቴ መጥታ ሰሌኔ ዳር ቁጭ አለችና ወደ ሥራ እንድመለስላት ለመነችኝ። ሠራተኛ ሆኜ አይደለም፤ የማድ ቤቱም የእንግዳውም ኃላፊ ሆኜ። አዲስ ባጅ አሠርታልኛለች፤ ካሎላይኔ ይላል፣ ሙሉውን፣ ፈረንጅ ምላሱ ቢታሰርም ይታሰር። እኔም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። ሰኞ ለምሳ፣ እንግዶቹ ሁሉ በተቀመጡበት፣ ላቪኒያና እነዚያ የቦምቦሊኖ ሴቶችም ተጠርተው፣ «ፀጉሩ የእኔ ነው» የሚለውን ቃል በእኛም ቋንቋ በእንግሊዝኛም እንድትናገር። እሺ አለች። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሴቶቹን ራሷ ዞራ ጠራቻቸው፤ ያንን የተከረከመ ራሷን ይዛ፣ በየደጃፉ። ያቺ ሳል የያዛት ሴትዮ አልመጣም ብላ ነበር፤ ሉፔ እስክትመጪ እዚሁ እቀመጣለሁ ብላ ደጇ ቁጭ አለችባት። የወንድሜ ልጅ ናት እኮ።

ስለዚህ ነገ ሥራ እጀምራለሁ። ሾርባውን እኔ እሠራለሁ፣ እኔ አቀርባለሁ፣ እሷ ትናገራለች፣ ሴቶቹም ይበላሉ። ሁሉም። ሳህናቸውን እያየሁ።

ሥራውን እንደምወደው ላንቺ አልደብቅሽም። ባጁ ያምራል፣ እይታው ያምራል፣ ሰማያዊው ቀሚስም ወገቡ ላይ ሰፋ ተደርጓል። ሉፔ ክረምቱን ሙሉ ምን ምን እንደምንሠራ ስታወራ አመሸች። እኔም እሺ፣ እሺ እያልኩ ሰማኋት። እሷ የማታውቀው አንድ ነገር አለ፤ አንቺ ብቻ እወቂው።

ማክሰኞ እለቃለሁ።

ምሳ ቀርቦ፣ እንግዳው ተቀምጦ፣ እሷም መሐል ቆማ ሳለ ነው። ባጁን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ አኖራለሁ። «ሉፔ፣ እዚህ አክስት የለም ብለሽኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ አክስት ነኝ» እላታለሁ፤ ሌላ ቃል አልጨምርም። በመጀመሪያው ጊዜ ስለቅ ነገሩ ሳይገባት ቀረ። ይኸኛው እንዲገባት ነው።

ካርቶኑን ካልጋዬ ሥር አውጥቼዋለሁ። ጫማሽን ቤት ውስጥ አድርጌ ስለማመድ ነው የዋልኩት፤ ድምፅ የለውም፣ ድመት ነው የሚያስመስለኝ። እንዲያውም ባሰማ ይሻለኝ ነበር፤ ከማድ ቤቱ እስከ ፊት ለፊት በር ድረስ ረጅም መንገድ ነው፣ የሚያልፈውም በሁሉም ወንበር አጠገብ ነው።

የአንቺው ካሎላይኔ